5 ኮከብ ወይስ ደረጃ 1? ኤሲ ልገዛ ግራ ገባኝ

ሰላም ወገኖች። የምኖረው ድሬዳዋ ነው። ሙቀቱ እናቴን እንቅልፍ ስለነሳት ለመኝታ ክፍሏ ኤሲ ልገዛላት ነው። ክፍሉ 4 በ4 ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ።

ሁለት አገኘሁ፤ ሁለቱም 12,000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ)፣ ሁለቱም ኢንቨርተር። ለህንድ ገበያ የተሠራው በመብራት ቁጠባ ደረጃ 5 ኮከብ አለው። የቻይናው ተለጣፊ ላይ 1 ይላል። ሻጩ «5 ይሻላል» አለኝ። ግን በቻይና 1 ምርጡ፣ 5 የመጨረሻው ደረጃ ነው!

ቢቲዩውን ለዋቱ ሳካፍል የህንዱ 12 (1,000 ዋት)፣ የቻይናው 11 ገደማ (1,100 ዋት) መጣልኝ፤ ቁጥሩ ሲበልጥ ቆጣቢ ነው ማለት ነው። ይህ ግን በሙሉ ኃይል ሲሠራ ነው። ኢንቨርተር ክፍሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ፍጆታውን ይቀንሳል።

ሌሊቱን ሙሉ ለሚሠራ ኤሲ የትኛውን ቁጥር ልመን? የመብራት ሂሳቡ በጣም አሳስቦኛል። የተጠቀማችሁበት እባካችሁ ንገሩኝ፤ ቅዳሜ ልገዛ ነው።