የፊዚዮቴራፒ ሁለተኛ ዲግሪ ከመጀመሬ በፊት ትምህርት ክፍሉን ልጎበኝ ነው፤ ምን ልይ? ማንን ልጠይቅ?

ጣና ዳር (ጠያቂ)

ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የመጀመሪያ ዲግሪዬን በፊዚዮቴራፒ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ካገኘሁ በኋላ ላለፉት አምስት ዓመታት እዚህ ባሕር ዳር በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል እያገለገልኩ እገኛለሁ። አብዛኞቹ ታካሚዎቼ በስትሮክ አንድ ጎናቸው የሰነፈ አረጋውያን፣ ከስብራት በኋላ መገጣጠሚያቸው የደረቀባቸው ገበሬዎችና የባጃጅ አደጋ የደረሰባቸው ወጣቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ወደ እኔ የሚደርሱት ወጌሻ ዘንድ ሰንብተው ነው። በተለይ የስትሮክ ታካሚዎችን በተመለከተ የማውቀው እንደማይበቃኝ ስለተረዳሁ ትምህርቴን ለመቀጠል ወስኛለሁ።

ከማመልከቴ በፊት ግን ትምህርቱን የሚሰጡ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎችን በአካል ሄጄ ማየት እፈልጋለሁ። ከሥራ የማገኘው ፈቃድ ለእያንዳንዳቸው አንድ ቀን ብቻ ነው። የሁለት ዓመት ሕፃን ያለችኝ እናት በመሆኔ፣ በምርጫዬ ብሳሳት የምከፍለው ዋጋ ቀላል አይሆንም። ድረ ገጾቻቸው ላይ ያገኘሁት የኮርሶች ዝርዝርና የሕንፃ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። በዚያች አንድ ቀን ምን ልመልከት? አስቀድሜ ደብዳቤ ልጻፍ ወይስ እንዲሁ ልሂድ?

ነባር አሠልጣኝ

ተማሪዎችን በሆስፒታል ውስጥ ለረጅም ጊዜ ያሠለጠንኩ ሰው ነኝ። ደብዳቤውን ይጻፉ፤ ነገር ግን በደብዳቤው ላይ «ትምህርት ክፍሉን ለመጎብኘት» ብለው ከጻፉ የሚያሳዩዎት ቢሮ፣ ቤተ መጻሕፍትና የስብሰባ አዳራሽ ይሆናል። «የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ታካሚ በሚያዩበት ሰዓት በተመልካችነት ለመገኘት» ብለው በግልጽ ይጠይቁ፤ የፈተናና የምዝገባ ሳምንትንም ያስወግዱ።

ከዚያ በኋላ፣ ከታካሚውም ከአሠልጣኙም ፈቃድ ተቀብለው አንድ ጥግ ይዘው ይቁሙና ተማሪው ታካሚውን ሲመረምር አሠልጣኙ የት እንዳለ ያስተውሉ። ተማሪው ራሱ ጠይቆ፣ ዳስሶ፣ የመገጣጠሚያውን እንቅስቃሴ በጎንዮሜትር ለክቶ፣ የጡንቻውን ጉልበት ከ0 እስከ 5 ባለው ደረጃ መዝግቦ፣ «ችግሩ ይህ ነው ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው» ብሎ አሠልጣኙ ፊት ሲከራከር ካዩ፣ ያ ቦታ የሚያስተምር ቦታ ነው። ወገቡን ያመመው ሁሉ አንድ ዓይነት ሙቀትና አንድ ዓይነት የቴንስ ማሽን (ሕመም ለማስታገስ በቆዳ ላይ ቀላል ኤሌክትሪክ የሚልክ መሣሪያ) ተደርጎለት የሚሸኝ ከሆነ ግን፣ ሁለት ዓመት ተምረው የሚመለሱት ዛሬ በሚያውቁት ነው።

የእርስዎ ፍላጎት ስትሮክ ስለሆነ፣ ታካሚው በሰነፈው እግሩ ላይ ክብደት እንዲጥል ያደርጉታል ወይስ በደህናው ብቻ እንዲጎተት ይተዉታል የሚለውን ለይተው ይመልከቱ። ግቡስ ምን ተብሎ ተጽፏል? ከዘጌ በጀልባ የመጣ ሰው ትይዩ በሆኑት የብረት መደገፊያዎች መካከል አሥር እርምጃ መራመዱ ብቻውን ምን ይጠቅመዋል፤ ከጀልባው ወርዶ በገዛ መንደሩ ዳገት መውጣት አለበት። የጎንደሩ የጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲቋቋም የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድ ቡድን ወደ ጤና ጣቢያ እየላከ ያሠለጥን ነበር። ስለዚህ የሚጎበኙት ትምህርት ክፍል ተማሪዎቹን ከሆስፒታሉ ግቢ ውጭ ያሠማራ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ስለ መሣሪያ ብዙ አልልም። የተቆለፈ ክፍል ካሳዩዎት ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለና ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተከፈተ ይጠይቁ፤ ላም አለኝ በሰማይ የሆነ ዕቃ በየቦታው አይቻለሁ።

ሁለተኛ ዓመት

ከላይ በተጻፈው እስማማለሁ፤ ሆኖም ሁለተኛ ዲግሪን የሚያጓትተው አብዛኛውን ጊዜ የመመረቂያ ጥናቱ ነው። የእኔ አማካሪ ጥናቱ ገና ሳይጋመስ ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ሄዱ፤ ሌላ አማካሪ እስኪመደብልኝ፣ ከዚያም የሥነ ምግባር ኮሚቴው የጥናት ዕቅዴን እስኪያጸድቅ ድረስ አንድ ወሰነ ትምህርት ያህል ባከነብኝ። በወረቀት ላይ ስንት መምህራን እንዳሉ ሳይሆን ዛሬ በሥራ ላይ የሚገኙት ስንት እንደሆኑ ጠይቂ። የኮርስ ዝርዝሩ ላይ «የነርቭ ፊዚዮቴራፒ» የሚል ስላለ ብቻ በዚያ ዘርፍ የሠለጠነ መምህር አለ ማለት አይደለም።

ጥያቄሽን ደግሞ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች አታቅርቢው፤ እነርሱ ገና ደስታቸው አልበረደም። ሁለተኛ ዓመቶችን ሻይ ቤት ቁጭ አድርገሽ፣ መምህር በሌለበት፣ ከእነርሱ በፊት ከነበሩት መካከል በጊዜው የተመረቁት ስንቶቹ እንደሆኑ ብትጠይቂ እውነቱን ይነግሩሻል።

ከቨርጂኒያ

እህቴ፣ እኔ የምማረው አሜሪካ ስለሆነ ሁሉም ነገር አይመሳሰልም። እዚህ አዲስ ገቢ ፊዚዮቴራፒስት የሚሆን ሰው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዓመት የሚወስደውን የዶክትሬት ትምህርት ማጠናቀቅና ብሔራዊ የፈቃድ ፈተና ማለፍ ይኖርበታል። ለአንቺ ይጠቅማል ብዬ የማስበው፣ እውቅና ያላቸው ትምህርት ቤቶች ከተማሪዎቻቸው ስንቱ እንደተመረቀ፣ ስንቱ የፈቃድ ፈተናውን እንዳለፈና ስንቱ ሥራ እንዳገኘ ለሕዝብ የማሳወቅ ግዴታ ያለባቸው መሆኑን ነው። አንቺም እነዚህኑ ቁጥሮች በጨዋ ቋንቋ ጠይቂ፤ ቁጥሩ ተዘጋጅቶ ባይጠብቅሽ እንኳ፣ ጥያቄሽን የሚቀበሉበት ፊት ብዙ ይነግርሻል።

የራሴን ስሕተት ልንገርሽ። በጉብኝቱ ቀን የአናቶሚ ላቦራቶሪው ስፋት አስደንቆኝ፣ ለተግባር ልምምድ የምንመደበው የት እንደሆነ ሳልጠይቅ ተመዘገብኩ። በኋላ የተመደብኩበት ክሊኒክ ከቤቴ በመኪና ሁለት ሰዓት ይርቅ ነበር። ልጅ ያላት ሰው ይህን ሳትጠይቅ መፈረም የለባትም።

አስተያየት ሰጪ

ምክሩ ሁሉ መልካም ነው፤ ግን ምርጫው በእጃችን እንደሆነ አድርገን እያወራን ይመስለኛል። በመንግሥት ስፖንሰርነት የሚማር ባለሙያ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ቦታ ወደተገኘበት ነው፤ ሲመለስም የአገልግሎት ውል ይጠብቀዋል። የድኅረ ምረቃ መግቢያ ብሔራዊ ፈተናውም አለ። ስለዚህ ጠያቂዋ ለጉዞ ገንዘብ ከማውጣታቸው በፊት መሥሪያ ቤታቸው ደብዳቤ ይጽፍላቸው እንደሆነ፣ ደመወዛቸው ይቀጥል እንደሆነና የውሉ ዘመን ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ያረጋግጡ። በግል ከፍለው የሚማሩ ከሆነ ደግሞ የፕሮግራሙን እውቅና ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ያጣሩ።

ነባር አሠልጣኝ

ስለ ስፖንሰር የተባለው እውነት ነው። ቢሆንም ሊመደቡበት የሚችሉትን ቦታ አስቀድሞ ያየ ሰው ምን እንደሚጎድለው አውቆ ስለሚገባ፣ የጎደለውን ከሌላ ቦታ ለመሙላት ከመጀመሪያው ቀን ይዘጋጃል።

አንድ የረሳሁት ነገር አለ። ከሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች የወጡ ባለሙያዎች እዚያው ባሕር ዳር አጠገብዎ ሊኖሩ ይችላሉ። በፈለገ ሕይወትና በጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች፣ እንዲሁም ሰው ሠራሽ እግር በሚሠራበት የአካል ማገገሚያ ማዕከል ጠያይቀው፣ ካገኟቸው ግማሽ ቀን አብረዋቸው ይዋሉ። ለዚህ የትራንስፖርት ወጪው ባጃጅ ብቻ ነው።

ጣና ዳር (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት የሰው ሀብት ክፍልን ጠይቄ፣ ስፖንሰርነቱ የሚቻል መሆኑንና ውሉን ግን ከምደባ በኋላ እንደሚያሳዩኝ ነገሩኝ፤ ረቂቁን አሁኑኑ እንዲሰጡኝ በጽሑፍ አመልክቻለሁ። ለሁለቱም ትምህርት ክፍሎች የላክሁት ደብዳቤ በተመከርኩት መሠረት ታካሚ በሚታይበት ሰዓት ለመገኘት የሚጠይቅ ነው። አንደኛው በማግሥቱ «ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ጠዋት ይምጡ፣ ነጭ ጋዎንዎን ይያዙ» የሚል መልስ ላከልኝ፤ ሁለተኛው እስካሁን ዝም ብሏል። እስከዚያው ግን የፊታችን ሰኞን በማገገሚያ ማዕከሉ ለመዋል ተፈቅዶልኛል።