ቾኩ አልወጣ አለኝ፣ ነገ ሊነጋጋ ሲል ተርኪ አደን ነን፣ እርዱኝ

ጠያቂው (ቨርጂንያ)
ሰላም ቤተሰብ፣ በጣም ቸኩያለሁ። ጓደኛዬን ነገ ለመጀመሪያ ጊዜ ተርኪ አደን እወስድሃለሁ ብዬ ቃል ገብቼለታለሁ፣ ለሱ ብዬ ሁለተኛ እጅ የገዛሁት 20 ጌጅ ፓምፕ ሾትገን ላይ ያለውን ሞዲፋይድ ቾክ (አፈሙዙ ጫፍ ውስጥ በጥርስ የሚገባው፣ ፍሬው ምን ያህል እንደሚበተን የሚወስነው ቱቦ፣ ሞዲፋይድ መካከለኛው ነው) አውጥቼ ጠበብ ያለውን የተርኪውን ላስገባ ስል ንቅንቅ አልል አለ። የበፊቱ ባለቤት ስንት ዓመት ሳይነካው እንደኖረ እግዜር ይወቀው፣ ዙሪያውን ዝገት ይታየኛል። መፍቻው ሁለቴ አዳልጦኝ ጣቴን ልጦኛል። ሱቅ ተዘግቷል። ምን ላድርግ???

ሹፌሩ
ደብሊውዲ 40 (የሚነፋውን ዘይት) ንፋበትና አሳድረው። ጠዋት ይወጣል።

የሻለቃ ልጅ
ወንድሜ ስለ ቾክ ከማውራታችን በፊት፣ ጥይት እንደሌለበት አይተሃል? ዓይተህ ብቻ ሳይሆን ጣትህን አስገብተህ ዳስሰህ? አፈሙዝ ላይ ጎንበስ ብለህ መፍቻ እያዞርክ ነው እኮ። ሌላው፣ ጀማሪ ይዘህ ስለምትሄድ ልንገርህ፣ የወንዱ ተርኪ ጭንቅላት ቀይ ነጭና ሰማያዊ ነው፣ ስለዚህ ሌላ አዳኝ ተርኪ መስሎት እንዳይተኩስበት ልጁ በነዚህ ቀለማት ካልሲ እንኳን እንዳያደርግ፣ አፍንጫውን የሚጠርግበት ነጭ ሶፍትም ከኪሱ አይውጣ። ከትከሻው ሰፋ ያለ ግንድ ፈልጎ ጀርባውን ይስጥ። የተርኪ ድምፅ ሰምቶ ወደ ድምፁ እየተሹለከለከ እንዳይሄድ፣ ያ ድምፅ እንደናንተው የተርኪ ድምፅ እያስመሰለ የሚጠራ ሌላ አዳኝ ሊሆን ይችላል። ሰው ሲመጣ ካየ እጁን እንዳያውለበልብ፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ ጮክ ብሎ «ሰው አለ» ይበል። አገር ቤት ቆቅና ጅግራ ስናድን ይሄ ሁሉ አልነበረም፣ እዚህ ግን ሰው ከአናቱ እስከ ጫማው ቅጠል ለብሶ ነው ጫካ የሚቀመጠው።

ጠያቂው
ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ጥይት የለውም፣ ዳስሻለሁ። ግን ቾኩ???

ወለላ
እናንተ ልጆች ተርኪውን ስትገድሉት ማን ነው የሚገነጥለው? በ12 ብልት ይወጣል ብላችሁ እንዳታስቡ 😂

ሹፌሩ
ደብሊውዲ 40 አልኩህ እኮ። ወንድሜ ጋር ሠርቷል።

ጋራዥ ያለኝ
ደብሊውዲ 40 ከምንም ይሻላል እንጂ ለተጣበቀ ጥርስ ደካማ ነው። ለዛገ ብሎን የምንጠቀመው ፔኔትሬቲንግ ኦይል ቤትህ ካለ እሱን አድርግ። አፈሙዙን ወደ ታች ደፍተህ ጫፉን ዘይቱ ያለበት ትንሽ ብርጭቆ ውስጥ አቁመው፣ እንዲህ ካደረግከው ዘይቱ ወደ ቃታው አይወርድም። አንድ ሁለት ሰዓት ቆይቶ አውጣውና አፈሙዙን ከውጭ በኩል በፀጉር ማድረቂያ አሙቀው፣ እጅህ መንካት እስኪያቅተው አይደለም፣ ሞቅ እስኪል። ከዛ ልክ የሚገባውን መፍቻ ተጠቀም፣ ፒንሳ እንዳታስገባበት፣ ቀጭን ብረት ነው ቶሎ ይጣመማል፣ ከተጣመመ ደግሞ ለጠመንጃ ሠሪ ካልሆነ አይወጣም። በመዶሻም አትምታው። እስካሁን ምንም አልዞረም አይደል?

ጠያቂው
እሱን ሳልጽፍ ረስቼው፣ መጀመሪያ ላይ ግማሽ ዙር ያህል ሄዶልኝ ነበር፣ ከዛ ነው የቆመው። ወደ ውስጥም ወደ ውጭም አይልም። ከጫፉ ትንሽዬ ወጣ ብሏል፣ ጥፍር የምትገባ ያህል። ካልሆነ እንዳለ በሞዲፋይዱ ብንተኩስስ ብዬ እያሰብኩ ነው።

ጋራዥ ያለኝ
ኧረ በፍጹም! ይሄንን ነው መጀመሪያ መናገር የነበረብህ። ቾክ እስከ መጨረሻው ካልገባ ከኋላው ክፍተት ይፈጠራል፣ ፍሬውም ጋዙም እዛ ጋ ይመታል፣ ቾኩ ሊቀደድ አፈሙዙ ሊያብጥ ይችላል። ያለ ቾክም አትተኩስ፣ ጥርሱን ያበላሸዋል። ወይ ሙሉ በሙሉ ይውጣ ወይ ሙሉ በሙሉ ይግባ፣ አለዚያ ያ ጠመንጃ ነገ ከቤት አይወጣም።

ሸናንዶዋ
እኔ ደግሞ ሁለት ጠመንጃ ለምን እንዳስፈለጋችሁ አልገባኝም። ጀማሪ ይዘህ ስትሄድ አንተ አታድንም፣ ተርኪውን ትጠራለህ። የራስህ ጠመንጃ የለህም?

ጠያቂው
አለኝ፣ 12 ጌጅ፣ ተርኪ ቾክ ተገጥሞለታል። አምና በ3 ኢንቹ ጥይት፣ በቁጥር 5 የእርሳስ ፍሬ፣ ካርቶን ላይ ሞክሬው በ40 ያርድ 10 ኢንች ክብ ውስጥ 112 ፍሬ ቆጥሬያለሁ። ግን ልጁ ቀጭን ነው፣ 12ቱ ከ20ው ተለቅ ያለ ስለሆነ ትከሻውን ይመታዋል ብዬ ነው 20ውን የገዛሁለት።

ሸናንዶዋ
በቃ መልሱ ቤትህ አለ። 100 ካለፈ ጥሩ ነው የሚባለው፣ የሞከርከውን ጠመንጃ በሞከርከው ጥይት ስጠው። ካርቶን ላይ ያላየኸውን 20 ነገ ብታስይዘው ፍሬው የት እንደሚሄድ አንተም አታውቅም። 12ቱ ይመታል፣ ግን ትከሻው ላይ ፎጣ አጥፈህ ከጃኬቱ ስር አድርግለት፣ ሰደፉን ጥብቅ አድርጎ ይያዝ፣ ደሞ ተርኪ ፊቱ ቆሞ የትከሻ ነገር ትዝ አይለውም። 40 ያርድ ይደርሳል ብለህ ግን በ40 አታስተኩሰው፣ ስትቀመጡ 30 እርምጃ ላይ ያለ ዛፍ አሳየውና «ከዚህ ካላለፈ ምላጭ አትነካም» በለው። ላባውን ነፍቶ ጅራቱን ዘርግቶ ሲንጎራደድ አንገቱን ይቀብራል፣ ያን ጊዜ አይተኮስም። አንዴ ኩክ በልለት፣ ቀና ብሎ አንገቱን ሲመዝ ነው፣ የሚያልመውም አንገቱ ላባ የሚጀምርበት ጋ ነው፣ ደረቱን አይደለም። በዓይኑ ግን ተጠንቀቁ፣ ጠረን አይለይም እንጂ ጣትህ ስትነቃነቅ ያያል።

ሹፌሩ
ልክ ነው አንድ ጠመንጃ ይበቃል። ደብሊውዲው ግን ይደር።

ወረቀት ጨርሱ
የጓደኛህን ወረቀት ማንም አልጠየቀም። ምንድነው ያለው?

ጠያቂው
በዲቪ ከመጣ 8 ወሩ ነው፣ ግሪን ካርድ አለው። አፕረንቲስ ላይሰንስ (ጀማሪ ላይሰንስ ካለው ሰው ጋር የሚያድንበትን) ኦንላይን አውጥተናል።

ወረቀት ጨርሱ
ግሪን ካርድ ካለው ጥሩ። ይሄን ለሌሎች አንባቢዎችም እላለሁ፣ በስቱደንት ወይም በቪዚተር ቪዛ ያለ ሰው በፌደራል ሕግ መሳሪያ መያዙ ራሱ ክልክል ነው፣ ሃንቲንግ ላይሰንስ ላለው ነው የተለየ መንገድ ያለው፣ ጓደኛ አበደረኝ ብላችሁ እንዳትገቡበት። ቨርጂንያ ላይ ደግሞ አፕረንቲሱ ብቻውን አይበቃም፣ የዲርና ተርኪ ላይሰንስ ለብቻው ነው። የምትሄዱት ናሽናል ፎረስት (የፌደራል መንግሥት ደን) ከሆነ የሱም ፐርሚት አለ። አንተም ጠመንጃ ባትይዝም ላይሰንስህ ኪስህ ይኑር፣ በዓይንም በድምፅም ከልጁ እንዳትርቅ። ሁሉም ሌሊቱን ኦንላይን ይወጣል።

ጠያቂው
የተርኪው አለን፣ የፎረስቱን ረስተነዋል!! አሁን እያወጣሁ ነው። 4 ሰዓት ላይ ነው የምንነሳው።

ወለላ
በሐበሻ ወይስ በፈረንጅ? 😂 ለማንኛውም ደረቱን ለጥብስ አድርጉት፣ ቀጠን አድርጋችሁ ቆርጣችሁ በቅቤና ሮዝመሪ ቶሎ ይውጣ፣ ካቆያችሁት ይደርቃል። እግሩ የጫካ ስለሆነ ጅማቱ እንደ ሽቦ ነው፣ ከሽንኩርቱ ጋር 4 ሰዓት በቀስታ ይብሰል። በዓለ ሃምሳ ነው፣ ረቡዕም ዓርብም ትበሉታላችሁ።

ጋራዥ ያለኝ
20ውን ብርጭቆው ላይ አቁመኸው ሂድ፣ እስክትመለስ በደንብ ይነከራል። ካልወጣ ሰኞ ለጠመንጃ ሠሪ ስጠው። ሲወጣ ጥርሱን በብሩሽ ጠርገህ ትንሽ ግሪስ ቀባ፣ በየዓመቱ አንዴ አውጥተህ መልሰው።

የሻለቃ ልጅ
መኪና ውስጥ ጥይት አይጎረስ። ግንዱ ስር ከተቀመጣችሁ በኋላ ነው።

ሸናንዶዋ
ከሰዓት 1:10 ሆኗል፣ በዚህ ሳምንት ገና እስከ እኩለ ቀን ብቻ ስለሆነ ከጫካ ወጥታችኋል። እህስ? ልጁ አየ?

ሹፌሩ
ቾኩስ ወጣ?