የትራክተር የኋላ ማንሻ የገባችሁ እስቲ አንድ በሉኝ

ትራክተሯ ትንሽ ናት፤ ከኋላ በሦስት ነጥብ ዕቃ የሚታሰርባት ዓይነት። ከመቀመጫው ጎን ሁለት እጀታዎች አሏት። አንዱ ገብቶኛል። እጀታውን ባቆምኩበት ልክ ዕቃውን የሚያነሱት የኋላ ክንዶችም ከፍታቸውን ይዘው ይቆማሉ። ያስቸገረኝ ሁለተኛው ነው። ማረሻው አፈር ውስጥ ሲከብደው፣ ማረሻውን ከላይ ከትራክተሯ ጋር በሚያያይዘው ዘንግ የሚመጣውን ግፊት ተከትሎ በራሱ ትንሽ ከፍ ያደርገዋል። እሺ፣ ግን ሁለቱ አብረው ሲሠሩ የበላዩ የትኛው ነው? ሣር ማጨጃ ሳስርስ ሁለተኛውን የት ላይ ልተወው?

የባሰው ደግሞ ይኸውላችሁ። ሞተሩ እየሠራ ማረሻውን አንስቼ ስተወው ክንዶቹ ቀስ ብለው ይወርዱና ድንገት ዘለው ይነሳሉ። ደግሞ ይወርዳሉ። ሞተሩን ሳጠፋማ ጭራሽ መሬት ይነካሉ። ዘይቱ ልክ ነው፣ ፊልትሮውም አዲስ ነው። ከመቀመጫው ሥር ያለውን የአወራረድ ፍጥነት መቆጣጠሪያ ጥርቅም አድርጌ ስዘጋው ግን ንቅንቅ አይሉም። (ከተነሳ ማረሻ ሥር እጄን አላስገባም፣ አትስጉ።)

ታዲያ ክንዶቹን የሚያነሳው ፒስተን ጎሚኒ (ዘይት እንዳያልፍ የሚያሽገው) ደህና ሆኖ፣ ዘይት የሚያሾልከው በእጀታዎቹ የሚታዘዘው የማንሻው ቫልቭ ነው ማለት ነው? ቫልቩን ከመፍታቴ በፊት መጀመሪያ ምን ልፈትሽ?