ኬብል ቦክሱን ከሆም ቲያትር ሪሲቨሩ ጋር ማገናኘት አቃተኝ፣ አባቴ ወሬው አይሰማውም

እናት_ሜሪላንድ
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ሰነበታችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ አባቴ ከአዲስ አበባ ከመጣ ሶስት ወር ሆነው፣ ጆሮው ትንሽ ደከም ብሏል። ቀኑን ሙሉ ቲቪ ፊት ነው፣ ኳስ ካለ ኳስ ዜና ካለ ዜና፣ ግን ቮሊዩሙን ጥግ አድርሶትም የሚያወሩት አይለይለትም፣ "የህዝቡ ጩኸት ነው እንጂ የሰውየው ድምፅ የታለ" ይለኛል። እንግሊዝኛ ጥሩ አድርጎ ይሰማል፣ ችግሩ ቋንቋው አይደለም። ቲቪው ስስ ነው፣ ስፒከሩ ከጀርባ ወደ ግድግዳው ነው የሚጮኸው።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ቤት ሲለቅ የ2010 ሪሲቨርና አምስት ስፒከር ከነ ሰብውፈሩ ሰጠን፣ ደስ አለኝ፣ ለአባዬ ይሆናል ብዬ። ባለቤቴ ማታ ማታ ስለሚሰራ እኔው ነኝ የያዝኩት። መጀመሪያ ከኬብል ቦክሱ በኤችዲኤምአይ ወደ ሪሲቨሩ ከሪሲቨሩ ደግሞ ወደ ቲቪው አደረግኩት፣ ምስሉ ጥቁር አለና ስለ ኤችዲሲፒ ምናምን የሚል ጽሁፍ መጣ። እሱን ነቅዬ ቦክሱን ቀጥታ ወደ ቲቪው መለስኩትና ድምፁን በቀይና ነጩ ገመድ ከቦክሱ ወደ ሪሲቨሩ ወሰድኩት፣ ድምፅ መጣ ግን ከፊት ካሉት ሁለቱ ብቻ ነው፣ መሀል ያስቀመጥኩት ዝም፣ የኋላዎቹም ዝም። እሱ ሳያንስ "እምምም" የሚል ድምፅ ከስር አለ፣ ቲቪው ዝም ሲል በደንብ ይሰማል። ቦክሱም ቲቪውም 4ኬ ናቸው። የምታውቁ እባካችሁ፣ ሁለት ቀን ሙሉ መሬት ላይ ተኝቼ ከሪሲቨሩ ጀርባ ነው የዋልኩት።

ጉለሌ_ዲሽ
እህቴ አባትሽን እንኳን ደህና መጡ በይልኝ። ግን አልገባኝም፣ ሪሲቨር ካለሽ ኬብል ቦክሱ ለምን አስፈለገ? ሪሲቨሩን ከዲሹ ጋር አገናኝተሽ ቻናል ሰርች ማድረግ ነው እኮ። ሞዴሉን ንገሪኝና ፍሪኩዌንሲውን እሰጥሻለሁ።

ድምፅ_አሌክሳንድሪያ
ጉለሌ ወንድሜ፣ እኛ አገር ሪሲቨር የምንለው የዲሹን ነው፣ እዚህ ግን ሪሲቨር ሲሉ ድምፅ ማጉያውን ነው፣ አምፕ እንደምንለው ማለት ነው፣ ስፒከሮቹ ሁሉ የሚሰኩበት። ቻናል የሚያመጣው የኬብል ቦክሱ ነው። ይሄ ስም ብዙ ሰው ያሳስታል፣ እኔም እዚህ መጥቼ ይሄን ስራ ስጀምር ተምታቶብኝ ነበር።

አሁን ወደ አንቺ እህቴ። የመጀመሪያው ሙከራሽ አሰካኩ ልክ ነበር፣ ያልሆነው ሪሲቨሩ ስላረጀ ነው። ኤችዲሲፒ ማለት ምስሉ እንዳይቀዳ የሚቆልፈው ነገር ነው፣ 4ኬ ቦክስ 2.2 የሚባለውን ይጠይቃል፣ ያ ደግሞ ያንቺ ሪሲቨር ከተሰራ በኋላ የወጣ ነው፣ ስለዚህ ቦክሱ መሀል ላይ የማያውቀው ነገር ሲያገኝ ምስሉን ይዘጋዋል። አዲስ ገመድ ብትገዢም አይፈታም፣ 50 ዶላር የሚያስከፍሉ ገመዶች አሉ፣ እንዳትሸወጂ።

ቀይና ነጩ ደግሞ ከነተፈጥሮው ሁለት ድምፅ ብቻ ነው የሚሸከመው፣ ቀኝና ግራ። የአባትሽ ችግር መፍትሄው ግን መሀለኛው ስፒከር ላይ ነው ያለው! የኳስ ስርጭት በ5.1፣ ማለትም ለአምስት ስፒከርና ለአንድ ሰብውፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው) ተለይቶ ሲመጣ የኮሜንታተሩ ድምፅ በአብዛኛው መሀል ላይ ብቻውን ነው የሚቀመጠው፣ የስታዲየሙ ጩኸት ዙሪያውን ነው። ሁለት ላይ ሲጨመቅ ነው ተደባልቆ ሰውየው የሚጠፋው፣ አባትሽ ያሉት በትክክል እሱን ነው። ስለዚህ መሀለኛውን ለብቻ አግኝተን ከፍ ማድረግ አለብን።

እንዲህ አድርጊ፣ ኤችዲኤምአዩ ከቦክሱ ቀጥታ ወደ ቲቪ እንዳለ ይቆይ፣ ምስሉ በሱ ይሂድ። ለድምፁ ከቦክሱ ጀርባ ኦፕቲካል የሚል አራት ማዕዘን የሆነ ትንሽ ቀዳዳ ፈልጊ፣ ትንሽዬ መዝጊያ አለችው፣ ቦክሱ በርቶ ከሆነ ውስጧ ቀይ ብርሃን ይታያል። ከዛ ወደ ሪሲቨሩ ኦፕቲካል ኢን። ገመዱ ከ10 ዶላር በታች ነው፣ ዋናውን ዶልቢ 5.1 ይሸከማል፣ የአሜሪካ ኬብል የሚልከው ድምፅ ደግሞ እሱው ዶልቢ ዲጂታል ነው ስለዚህ ምንም አይቀርብሽም።

"እምምም" ያልሽው የመሬት ገመዱ ጉዳይ ነው። ከግድግዳ የሚመጣው የኬብሉ ክብ ገመድ ውጪ አንድ ቦታ መሬት ይነካል፣ ሪሲቨሩ በኤሌክትሪኩ ወይም በሌላ ዕቃ በኩል ሌላ ቦታ ይነካል፣ በሁለቱ መሀል የ60 ኸርዝ ከረንት ይዞርና በቀይና ነጩ ገመድ ስፒከር ውስጥ ይገባል። ለማረጋገጥ ድምፁ እያለ ክቡን ገመድ ከቦክሱ ጀርባ ፍቺው፣ ወዲያው ዝም ካለ እሱ ነው። ኦፕቲካሉ ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ ቀይና ነጩን ስትነቅዪው አብሮ ይጠፋል።

አትላንታ_ሹፌር
ከላይ የተባለው ልክ ነው ግን ለሌላ አንባቢ ልጨምር፣ አንዳንድ አዲስ ቦክስ ኦፕቲካል የለውም፣ የኔ እንደዛ ነበር። ያኔ ከቲቪው ነው የምታወጡት። ቲቪው ላይ ኤአርሲ የሚል የተጻፈበት ኤችዲኤምአይ አለ፣ ሪሲቨሩም አውት የሚለው ላይ ኤአርሲ ከተጻፈበት ሁለቱን በአንድ ገመድ ስታገናኙ ድምፅ ከቲቪ ወደ ሪሲቨር ይመለሳል። ኤአርሲ የመጣው ከኤችዲኤምአይ 1.4 ጋር በ2009 ስለሆነ ከዛ ወዲህ ያለ ሪሲቨር ላይ ሊኖርም ላይኖርም ይችላል፣ ጀርባውን ማየት ነው። ሲኢሲ የሚባለውን፣ ዕቃዎቹ በኤችዲኤምአይ ገመዱ እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን፣ ሁለቱም ላይ ማብራት አትርሱ፣ እኔ እሱን ረስቼ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ባከንኩ። ከቲቪው ኦፕቲካል ማውጣትም ይቻላል ግን አንዳንድ ቲቪ በኤችዲኤምአይ የገባለትን ሁለት ድምፅ አድርጎ ነው የሚያስወጣው፣ ስለዚህ ቦክሱ ራሱ ካለው ከቦክሱ ይሻላል።

እናት_ሜሪላንድ
እግዚአብሔር ያክብርልኝ ሁላችሁንም። ድምፅ ወንድሜ ክቡን ገመድ ስፈታው እምምታው ቀጥ አለ!! አንተ እንዳልከው። ኦፕቲካሉን ዛሬ ገዝቼ ሰካሁት ግን ምንም ድምፅ የለም፣ ቀዳዳው ውስጥ ቀዩን ብርሃን አየሁት፣ ገመዱ ግን ጥሩ አድርጎ አይገባም፣ ይወላለቃል። ተበላሽቶ ይሆን የሸጡልኝ?

ድምፅ_አሌክሳንድሪያ
ከመመለስሽ በፊት ጫፉን እይው፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ ጥፍር የምታክል እንደ መስታወት የምታሳይ ፕላስቲክ ቆብ አለች፣ የገመዱ አካል ነው የምትመስለው። ሳትወልቅ ከተሰካ አይገባም፣ ብርሃኑም በደንብ አይደርስም። ሰው ቤት ሄጄ ስንቴ እንዳገኘኋት። አውልቂያትና አንዱን ጫፍ ቦክሱ ላይ ሰክተሽ ሌላውን ጫፍ መዳፍሽ ላይ አድርጊው፣ ቀይ ነጥብ ካየሽ ገመዱ ደህና ነው። ስትሰኪው ቀጭ ይላል፣ አስገድደሽ እንዳታዞሪው፣ ባለማዕዘን ስለሆነ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚገባው። አጥፈሽም በካቢኔው ስር አታሳልፊው ውስጡ ይሰበራል።

ከዛም ድምፅ ከሌለ ሪሲቨሩ ቀዳዳውን ለየትኛው ኢንፑት እንደሰጠው ማየት ነው። ኦፕቲካል 1 ለቲቪ ወይም ለሲዲ ተሰጥቶ ሊሆን ይችላል፣ አንቺ ኬብል/ሳት ላይ ሆነሽ ስትጠብቂ እሱ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ሴቲንግ ገብተሽ ኢንፑት አሳይን (input assign፣ ቀዳዳውን መመደቢያ) የሚለው ላይ ኬብል/ሳት ለኦፕቲካል 1 ስጪው።

እናት_ሜሪላንድ
ቆቧ ነበረች! ሁለቱም ጋ ነበሩ። ኢንፑቱንም አስተካከልኩ፣ ድምፅ መጣ፣ ጥርት ያለ። ግን አሁንም ከሁለቱ ብቻ ነው፣ መሀለኛው ዝም ነው፣ ሪሲቨሩ ፊት ያለው ጽሁፍ የሚያሳየው መስኮት ላይ ፒሲኤም ይላል።

ድምፅ_አሌክሳንድሪያ
እሺ ቀርበናል፣ እሷ ቃል ናት ሁሉን የምትነግረን። ፒሲኤም ካለ ቦክሱ ራሱ ነው ሁለት አድርጎ የሚልከው። ብዙ ኬብል ቦክስ ተሰክቶ ሲሰጥሽ ስቴሪዮ ላይ ነው ያለው። በቦክሱ ሪሞት ሴቲንግ ውስጥ ኦዲዮ የሚለው ጋ ግቢ፣ ኦዲዮ አውትፑት ወይም ዲጂታል ኦዲዮ ይላል፣ ከስቴሪዮ ወይም ከፒሲኤም ወደ ዶልቢ ዲጂታል ቀይሪው፣ አንዳንዱ ላይ ሰራውንድ ነው የሚለው። ሪሲቨሩ መስኮት ላይ ዶልቢ ዲጂታል ብሎ ሲጽፍ ያኔ ደርሰሻል። ማስታወቂያ ላይ አትሞክሪው፣ ሁለት ድምፅ ብቻ ሆኖ የሚመጣ አለ፣ ቀጥታ የሚተላለፍ ኳስ ላይ ሞክሪው።

ከዛ በሪሲቨሩ ስፒከር ሴትአፕ ውስጥ ሴንተር (መሀለኛው) መኖሩን አረጋግጪ፣ ጎረቤትሽ ያጠፋው ሊሆን ይችላል። ቴስት ቶን የሚለውን ስትነኪው ሹሹሹ እያለ ስፒከሮቹን አንድ በአንድ ይዞራል፣ አባትሽ በሚቀመጡበት ቦታ ቁጭ ብለሽ ነው መስማት፣ በቆምሽበት አይደለም። ሁሉንም እኩል ካደረግሽ በኋላ ሴንተሩን ብቻ 3 ዲቢ (ዴሲቤል፣ የድምፅ መጠን መለኪያ) ጨምሪ፣ ካነሰ 4። ማታ ልጆች ሲተኙ ደግሞ ናይት ሞድ ወይም ዳይናሚክ ሬንጅ የሚለውን አብሪው፣ ድንገት የሚጮኸውን ዝቅ፣ ዝቅተኛውን ደግሞ ከፍ ያደርገዋል። የቲቪውን የራሱን ስፒከር አጥፊው፣ ሁለቱ አብረው ካወሩ እንደ ጉድጓድ ውስጥ ያስተጋባል፣ ለደከመ ጆሮ ደግሞ ከሱ የባሰ የለም።

ጉለሌ_ዲሽ
እኔ ዲሽ ነው የምሰራው፣ ብዙ ተማርኩ ከዚህ። አንድ ጥያቄ፣ እዚህ አዲስ አበባ በኢትዮሳት የምናያቸው የኛ ቻናሎች ስቴሪዮ ናቸው፣ አንድ ደንበኛዬ አምስት ስፒከር አለው፣ የዲሽ ሪሲቨሩ ላይ ያለችውን ኮአክሲያል የምትለዋን ብጠቀም መሀለኛው ይሰራለታል? ደግሞ ወንድሙ ከአሜሪካ እንዲህ ያለ አምፕ ሊልክለት ነው።

ድምፅ_አሌክሳንድሪያ
ኮአክሲያሏ ልክ እንደ ኦፕቲካሉ ዲጂታል ነች፣ ተጠቀማት፣ ግን የመጣው ስቴሪዮ ከሆነ ስቴሪዮ ነው የምታሳልፈው። ያኔ አምፑ ላይ ዶልቢ ፕሮ ሎጂክ 2 የሚለውን ምረጥ፣ ከሁለቱ ላይ እኩል የሚሰማውን ለይቶ ወደ መሀል ያወጣዋል፣ የዜና አንባቢ ድምፅ ብዙ ጊዜ እኩል ስለሚሆን ጥሩ ይሰራል፣ ሙቪ የሚለውን ሞድ አድርገው። ስለ መላኩ ግን እባክህ ወንድሜ ሳይልክ ንገረው፣ የአሜሪካ አምፕ 120 ቮልት ነው፣ 220 ላይ ከተሰካ ሊቃጠል ይችላል። ጀርባው ላይ የተጻፈውን ዋት አይቶ ከዛ የሚበልጥ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፣ ለስልክ ቻርጀር የሚሸጡት ትንንሾቹ አይችሉትም። ከተቻለ እዛው 220 የሚሰራ ይግዛ፣ ልፋቱም ወጪውም ይቀላል።

እናት_ሜሪላንድ
ቤተሰብ ዛሬ ጠዋት ኳስ ነበር፣ ሁሉንም አስተካክዬ ጠበቅኩት። ዶልቢ ዲጂታል አለ መስኮቱ ላይ፣ መሀለኛው አወራ። አባዬ መጀመሪያ ምንም አላለም፣ ዝም ብሎ ወደ ፊት ጎንበስ አለ፣ ከዛ ሪሞቱን አንስቶ ቮሊዩሙን ቀነሰው። ከመጣ ጀምሮ ሲቀንስ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ሴንተሩን 4 ላይ ነው የተውኩት።

አንዲት ነገር ብቻ ቀረች፣ የሰዎቹ አፍ ከድምፁ ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ድምፁ ይቀድማል። እሱ አላስተዋለውም እኔን ግን ረበሸኝ።

ድምፅ_አሌክሳንድሪያ
ኧረ እንዴት ደስ ይላል! ዕድሜ ይስጣቸው።

ድምፁ የሚቀድመው ቲቪው ምስሉን ሲያሳምር ስለሚዘገይ ነው፣ ድምፁ ደግሞ በኦፕቲካሉ አቋርጦ ቶሎ ይደርሳል። ሪሲቨሩ ላይ ኦዲዮ ዲሌይ ወይም ሊፕ ሲንክ የሚል አለ፣ ከ40 ሚሊ ሰከንድ ጀምረሽ አስር አስር እየጨመርሽ ሂጂ። ዜና አንባቢ ላይ ነው የሚስተካከለው፣ ፊት ለፊት ስለሚያወሩ አፋቸው ይታያል፣ ፐ እና በ ሲሉ ከንፈራቸው ሲገጥም እይ።

እናት_ሜሪላንድ
90 ላይ ገጠመ።