የዘመናዊ ዳንስ ፎቶግራፍ፦ እንቅስቃሴው ሕይወቱን ሳያጣ እንዴት ይነሳል?

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። የዘመናዊ ዳንስ ትርኢቶችን ማንሳት ከጀመርኩ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። የካሜራውን የመዝጊያ ፍጥነት 1/1000 ሰከንድ ሳደርገው ዳንሰኛዋ አየር ላይ ጥርት ብላ ትታያለች፤ ምስሉ ግን ነፍስ የለውም። ፎቶግራፉ ማስረጃ ከመሆን አልፎ ራሱን የቻለ ጥበብ እንዲሆን ምን ላድርግ?

መልስ 1
አሜሪካዊቷ ፎቶግራፍ አንሺ ባርባራ ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1940 የዘመናዊ ዳንስ ፈር ቀዳጅ የሆነችውን ዳንሰኛ ማርታ ግራሃምን «ሌተር ቱ ዘ ወርልድ» በተሰኘው ዳንስ ያነሳችበትን ፎቶግራፍ በጥሞና ይመልከቱ። ግራሃም ከወገቧ ጎንበስ ብላ፣ እጇን ወደ ግንባሯ አስጠግታ፣ አንድ እግሯን ወደ ኋላ ስትወረውር ረጅሙ ቀሚሷ እንደ ክንፍ ይዘረጋል። ሞርጋን ይህን ያገኘችው ከተመልካች መሀል ሆና ሳይሆን ዳንሱን አጥንታ፣ ዋነኛውን ቅጽበት መርጣ፣ ብርሃኑን ራሷ አዘጋጅታ፣ ለካሜራ ብቻ እንደገና እንዲደነስ በማድረግ ነው። ያለ ጥናት የሚገኝ ምስል፣ እንደ እኔ እምነት፣ የዕድል ጉዳይ ነው።

መልስ 2
በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በግራሃም ስልት እንቅስቃሴው የሚመነጨው ከትንፋሽ ጋር ከሚኮማተረውና ከሚላቀቀው የሰውነት መሀል ስለሆነ፣ የዝላዩን ጫፍ ከመጠበቅ ይልቅ ዳንሰኛዋ ትንፋሿን ስትሰበስብ ያንሱ። የመዝጊያውን ፍጥነትም ወደ 1/15 ሰከንድ ዝቅ አድርገው ይሞክሩት፤ እግሯ መሬት ይዞ እጇ እንደ ጭስ ሲሳብ ያያሉ።

ጠያቂ
ከልብ አመሰግናለሁ። የቅዳሜውን ልምምድ ካሜራ ሳልይዝ ተቀምጬ እመለከታለሁ።