ጥቆማ፦ ተማሪ ሆነው ለሚሠሩ ልጆች ታክስ የት ይሠራ? (ዲሲ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ)

ጠያቂ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትልቁ ልጄ 20 ዓመቱ ነው። ሞንጎመሪ ኮሌጅ ሙሉ ሰዓት ይማራል፣ ፔል ግራንት (የማይመለስ የመንግሥት የትምህርት ድጎማ) ያገኛል፣ ማታ ማታ ደግሞ ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ ይሠራል። ታናሿ 17 ናት፤ በበጋው ግሮሰሪ ሠርታለች። የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ በኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ መጥቶ የሚማርበት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይሠራል። ሁሉም ደብሊው-2 (አሠሪው የዓመቱን ደሞዝና የተቆረጠውን ግብር የሚገልጽበት ወረቀት) ደርሷቸዋል። የሰፈር ቢሮ ይሻላል፣ ኦንላይን ፕሮግራም ወይስ ቪታ የሚባሉት፣ በበጎ ፈቃደኞች ታክስ በነፃ የሚሠራባቸው ጣቢያዎች? ከተቆረጠባቸው ስንቱ ይመለሳል?

የቪታ በጎ ፈቃደኛ፦
እህቴ፣ ቦታ ከመምረጥዎ በፊት ሦስቱንም ደብሊው-2 ጠረጴዛ ላይ ያድርጉና ቦክስ 2ን፣ 4ን፣ 6ንና 17ን ይመልከቱ። ቦክስ 2 የፌዴራል ገቢ ግብር ነው፤ የሚመለሰው ከዚህ ነው። ቦክስ 17 የስቴት ነው፤ ይህም ሊመለስ ይችላል። ቦክስ 4 (ሶሻል ሴኩሪቲ፣ 6.2%) እና ቦክስ 6 (ሜዲኬር፣ 1.45%) ግን ገቢው ትንሽ ስለሆነ ብቻ አይመለሱም። ብዙ ልጆች ከቼካቸው የጠፋውን ሁሉ ደምረው ይጠብቁና ያዝናሉ።

በቁጥር እንየው። ወላጁ ዲፔንደንት (ጥገኛ) አድርጎ በራሱ ታክስ ላይ የሚያስገባው ልጅ በ2025 (እ.ኤ.አ.) 13,200 ዶላር ሠርቶ ቦክስ 2 ላይ 410 ዶላር ተቆርጦበታል እንበል። የዲፔንደንት ስታንዳርድ ዲዳክሽን (ግብር ከመሰላቱ በፊት ከገቢ ላይ የሚቀነሰው) የሠራው ገንዘብ ላይ 450 ዶላር ተደምሮ ነው፤ ጣሪያው የማንኛውም ያላገባ ሰው 15,750 ነው። ስለዚህ 13,650 ይቀነስለታል፣ ግብር የሚከፈልበት ገቢ ዜሮ ይሆናል፣ 410ሩ በሙሉ ይመለሳል። ቦክስ 4 እና 6 ላይ ያለው 1,009.80 ዶላር ግን እዚያው ይቀራል። የሴት ልጅዎም ስሌት ይኸው ነው። በሕግ ሪተርን (የዓመቱን የታክስ ፎርም) የማስገባት ግዴታ ላይኖርባት ይችላል፤ ካላስገባች ግን ቦክስ 2 ላይ ያለው አይመጣላትም። የዘገየም ቢኖር ሦስት ዓመት ሳያልፍ መጠየቅ ይቻላል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። የእኔ ጥቆማ ቪታ ነው፤ ነፃ መሆኑ ደስ ይላል፣ ዋናው ምክንያቴ ግን የእርስዎንና የልጆቹን ሪተርን አንድ ላይ ማሠራት መቻልዎ ነው። ልጁ ብቻውን ስልኩ ላይ ሲሠራ በጣም የሚያጠፋው «ሌላ ሰው ዲፔንደንት አድርጎ ሊያስገባህ ይችላል?» የሚለው ላይ ነው። «አይ» ካለ የእርስዎ ሪተርን ኢ-ፋይል ሲደረግ (በኢንተርኔት ሲላክ) ተቀባይነት አጥቶ ይመለሳል። ከ24 ዓመት በታች የሆነ፣ በዓመቱ ቢያንስ አምስት ወር ሙሉ ሰዓት የተማረ፣ ከግማሽ ዓመት በላይ ከእርስዎ ጋር የኖረና ከግማሽ በላይ ወጪውን በራሱ ያልሸፈነ ልጅ መልሱ «አዎ» ነው። እርስዎ ባያስገቡትም እንኳ ጥያቄው «ሊያስገባህ ይችላል?» ስለሆነ መልሱ አይለወጥም።

ቀድሞ ተሳስቶ አስገብቶ ከሆነ እሱ በ1040-ኤክስ (የማረሚያ ፎርም) ያስተካክል። እርስዎ እስኪስተካከል መጠበቅ የለብዎትም፤ ከአይአርኤስ (የፌዴራሉ ግብር መሥሪያ ቤት) አይፒ ፒን (የማንነት ማረጋገጫ ቁጥር) አውጥተው ኢ-ፋይል ማድረግ ይችላሉ፣ ካልሆነም በወረቀት ይላካል።

ሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ የካውንቲው ኮሚዩኒቲ አክሽን ኤጀንሲ ቪታ አለው፣ ዲሲ ላይ ኮሚዩኒቲ ታክስ ኤይድ አለ። ሌላ አካባቢ ላላችሁ 800-906-9887 ደውሉ፤ ቅርብ ያለውን ይነግሯችኋል። የገቢ ጣሪያው ባለፉት ወቅቶች 67 ሺህ ዶላር አካባቢ ነበር። ቀጠሮ ቶሎ ስለሚሞላ በጥር መደወል ይሻላል።

የኮሌጅ ፋይናንሻል ኤይድ ሠራተኛ፦
ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ትልቁ ገንዘብ ያለው ግን ኮሌጁ በሚያወጣው 1098-ቲ (የትምህርት ክፍያ ማስረጃ) ላይ ነው። ልጆች ይህን ወረቀት ሳያወርዱት ይቀራሉ፤ ብዙ ጊዜ በፖስታ አይመጣም፣ የተማሪው ፖርታል ውስጥ ነው።

ቦክስ 1 ለትምህርት የተከፈለው፣ ቦክስ 5 ግራንትና ስኮላርሺፕ ነው። ቦክስ 5 ከቦክስ 1 ሲበልጥ ብዙ ታክስ ሠሪዎች «የትምህርት ክሬዲት (ከግብሩ ላይ የሚቀነስ ገንዘብ) የለም» ብለው ያልፋሉ። ይህ ችኮላ ነው፤ ቤተሰቡን እስከ 2,500 ዶላር ያሳጣዋል።

ምሳሌ፦ ቦክስ 1 4,000፣ ቦክስ 5 (ሁሉም ፔል) 5,000፣ ልጁ ሠርቶ ያገኘው 7,000። ፔል ግራንት ለትምህርት ክፍያ ብቻ እንዲውል የታሰረ አይደለም፤ ለምግብ፣ ለቤት፣ ለመጓጓዣም ይሆናል። ስለዚህ ቤተሰቡ «ፔሉ ለኑሮ ዋለ» ብሎ መምረጥ ይችላል። ያኔ 5,000ው የልጁ ገቢ ይሆናል፤ በልጁ ሪተርን ስኬጁል 1 መስመር 8አር ላይ ይገባል። ጠቅላላ ገቢው 12,000 ሆነ ማለት ነው። ለዲፔንደንት ስታንዳርድ ዲዳክሽን ሲሰላ ይህ ግራንት እንደ ሥራ ገቢ ስለሚቆጠር 12,450 ይቀነስለታል፤ አሁንም ግብሩ ዜሮ ነው። በሌላ በኩል 4,000ው የትምህርት ክፍያ በግራንት ያልተሸፈነ ስለሚሆን ወላጅ በፎርም 8863 አሜሪካን ኦፖርቹኒቲ ክሬዲትን ሙሉ ያገኛል፦ ከመጀመሪያው 2,000 መቶ በመቶ፣ ከቀጣዩ 2,000 ሩብ፣ ድምሩ 2,500። ከዚህ እስከ 1,000 ዶላር ግብር ባይኖርብዎት እንኳ በእጅዎ ይመጣል።

ሁለት ጥንቃቄ። አንደኛ፣ ለትምህርት ክፍያ ብቻ የተባለ ስኮላርሺፕ (ኮሌጁ ራሱ ከሚሰጠው ብዙው እንደዚህ ነው) ወደ ኑሮ ማዞር አይቻልም። ሁለተኛ፣ የልጁ ገቢ ከፍ ያለ ከሆነ ተጨማሪው ግራንት ግብር ያመጣበታል፤ ያኔ ሁሉንም ሳይሆን የሚበቃውን ያህል ብቻ ማዞር ነው። ሁለቱን ሪተርን ጎን ለጎን አድርጎ መሥራት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ክሬዲቱ የሚሰጠው ለአራት ዓመት ብቻ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ለሚማር ነው። ልጁ ራሱን ችሎ ክሬዲቱን ቢጠይቅ፣ ከ24 በታች ሆኖ ወላጅ ያለው ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ተመላሹን 1,000 አያገኝም። ስለዚህ «ልጁ ለብቻው ያስገባ፣ ብዙ ሪፈንድ ይመጣለታል» የሚል ሠሪ ካጋጠማችሁ እንዴት እንደሆነ አስረዳኝ በሉት።

ከሀሰት የትምህርት ክሬዲትም ተጠንቀቁ። 1098-ቲ ሳያይ 8863 የሚሞላ ሰው አለ። ሕግን ችላ ብሎ የተጠየቀ ከሆነ ለ2 ዓመት፣ በማጭበርበር ከሆነ ለ10 ዓመት ክሬዲቱን መጠየቅ ይከለከላል። ይህ ክልከላ የሚያርፈው በሠሪው ላይ ሳይሆን ሪተርኑ ላይ ስሙ ባለበት ሰው ላይ ነው።

ታክስ ሠሪ፣ አሌክሳንድሪያ፦
እህቴ፣ ልጅዎ ዲሲ እየሠራ ሜሪላንድ ስለሚኖር የደብሊው-2ውን ቦክስ 15 አጥብቀው ይዩት። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ስምምነት ስላላቸው የደሞዝ ግብር የሚከፈለው ለሚኖሩበት ብቻ ነው። ቦክስ 15 ላይ «ዲሲ» ከተጻፈ አሠሪው ለተሳሳተ ቦታ ቆርጧል። ገንዘቡ አልጠፋም፤ በዲ-40ቢ ፎርም ከዲሲ ይጠየቃል። ዝም ካሉት ግን ሜሪላንድ የራሱን ይጠይቃል፣ ዲሲ የያዘውን ይዞ ይቀመጣል። ሜሪላንድ እየኖሩ ቨርጂኒያ የተቆረጠባቸው 763-ኤስ፣ ቨርጂኒያ እየኖሩ ሜሪላንድ የተቆረጠባቸው 505 ይሞላሉ። እንዳይደገም ደግሞ ለአሠሪው የሚሰጥ ፎርም አለ፦ ዲሲ ለሚሠራ ዲ-4ኤ፣ ቨርጂኒያ ለሚሠራ ቪኤ-4፣ ሜሪላንድ ለሚሠራ ኤምደብሊው 507።

ስለ ሜሪላንድ አንድ ነገር ልጨምር። ገቢው ከስቴቱ ዝቅተኛ የማስገቢያ መጠን (ሪተርን ግዴታ ከሚሆንበት ገቢ) በታች የሆነ ልጅ የተቆረጠበት የሜሪላንድ ግብር ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። የፎርም 502 (የሜሪላንድ ሪተርን) መመሪያ እንዲህ ላለው ሰው የትኞቹን መስመሮች ብቻ እንደሚሞላ ለይቶ ይናገራል። ሁሉንም መስመር ከሞሉት ለዲፔንደንት የግል ነፃ መጠን ስለማይሰጥ ፎርሙ ግብር ያወጣበታል፣ በላዩም የካውንቲ ግብር ይጨምራል። በበጋ ብቻ የሠራችው ልጅ ሪተርን ላይ የሜሪላንድ ግብር ካዩ እዚያው አቁመው ያስመርምሩ።

በዋጋ የማውቀውን ላወዳድር። አይአርኤስ ፍሪ ፋይል ለ2025 ገቢ እስከ 89,000 ዶላር ላገኘ ሰው ነፃ ነው፤ ግን በአይአርኤስ ድረ ገጽ በኩል ካልገቡ ፕሮግራሙን የሚያቀርበው ያው የሶፍትዌር ድርጅት ሊያስከፍልዎት ይችላል። ስቴቱን አንዳንዱ ነፃ ይሠራል፣ አንዳንዱ ያስከፍላል። ዳይሬክት ፋይል የሚባለው የመንግሥት ፕሮግራም በ2026 የለም፣ አትፈልጉት። ፍሪታክስዩኤስኤ የሚባለው ድረ ገጽ ፌዴራሉን በነፃ፣ ስቴቱን በ16 ዶላር ገደማ ይሠራል፤ 1098-ቲም ሆነ የራስ ሥራ ገቢ ቢኖር የፌዴራሉ ዋጋ አይጨምርም። ራሱ መሥራት ለሚችል ልጅ የምመርጠው ይህን ነው። ተርቦታክስ ጥያቄዎቹ ግልጽ ናቸው፤ ነፃው ግን ለቀላል 1040 (ዋናው የፌዴራል ሪተርን) ብቻ ነው፣ ድርጅቱ ራሱ ለ37% ገደማ ሰው ብቻ እንደሚሆን ይገልጻል። 1099-ኤንኢሲ (የራስ ሥራ ገቢ ወረቀት) ሲገባ ወደሚከፈልበት ያሻግራል። የትኛውም ላይ «ክፍያውን ከሪፈንድህ እንቀንስ?» ሲል እምቢ ይበል፤ ለዚያ ብቻ ወደ 40 ዶላር ይወስዳሉ።

የሰፈር ቢሮ በአማርኛ ማስረዳቱ ትልቅ ጥቅም ነው፣ ለአንድ ደብሊው-2 ግን መቶና ከዚያ በላይ ዶላር መክፈል አያስፈልግም። ከሄዱ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ሠሪው ፒቲን (የታክስ ሠሪ መለያ) ቁጥሩን ጽፎ ይፈርም፣ ሙሉ ኮፒ ይስጥዎ፣ የባንክ ቁጥሩ የልጁ የራሱ ይሁን። በሪፈንዱ ፐርሰንት የሚያስከፍልን ትቶ መውጣት ነው። ከመስከረም 2025 መጨረሻ ጀምሮ አይአርኤስ የወረቀት ቼክ እያስቀረ ስለሆነ ልጆቹ ቀድመው አካውንት ይክፈቱ።

የውጭ አገር ተማሪዎች አማካሪ፦
የእህትዎን ልጅ ከሌሎቹ ለይተው ይያዙት። በኤፍ-1 ያለ ተማሪ ለመጀመሪያዎቹ አምስት የካሌንደር ዓመታት በታክስ ሕግ ነዋሪ አይደለም፤ የሚሞላው 1040-ኤንአር (ነዋሪ ያልሆነ ሰው ሪተርን) እና ፎርም 8843 (የቆይታ መግለጫ) ነው። ተርቦታክስ ይህን አይሠራም፣ ፍሪታክስዩኤስኤም አይሠራም፣ አብዛኛው ቪታም አይሠራም። ስፕሪንታክስ ወይም ግላሲየር ታክስ ፕሬፕ የሚባሉትን ፕሮግራሞች ይጠቀም። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ፌዴራሉን በነፃ የሚያሠራ ኮድ ስለሚሰጡ ከመክፈሉ በፊት ኢንተርናሽናል ኦፊሱን ይጠይቅ፤ ስቴቱን ግን በራሱ ይከፍላል።

ስታንዳርድ ዲዳክሽን የለውም። በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌለ ሌሎች አገሮች ተማሪዎች የሚያገኙት ነፃ መጠንም የለም። የትምህርት ክሬዲትም አይገባውም። ስለዚህ የሪፈንዱ መጠን ከአክስቱ ልጆች ያነሰ ቢሆን አይደንግጥ። ጓደኞቹ 1040 አስገብተው ብዙ ቢመለስላቸው አይከተላቸው፤ ኋላ ቪዛና ግሪን ካርድ ሲጠየቅ ይህ ሪተርን ይታያል። ያስገባ ካለ 1040-ኤክስ ሞልቶ ትክክለኛውን 1040-ኤንአር አያይዞ ያርም።

በእሱ ላይ ግን ቦክስ 4 እና 6 ባዶ መሆን አለባቸው፤ ከሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር ነፃ ነው። ተቆርጦበት ከሆነ መጀመሪያ አሠሪውን ይጠይቅ፤ ገንዘቡን መልሶ ደብሊው-2ሲ (የታረመ ደብሊው-2) መስጠት ይችላል። እምቢ ካለ የተመላሽ መጠየቂያውን ፎርም 843 ከፎርም 8316 ጋር፣ ከቪዛው፣ ከአይ-94 (የመግቢያ መዝገብ) እና ከአይ-20 (የተማሪነት ማረጋገጫ) ኮፒ ጋር አድርጎ በፖስታ ይልካል። ይህ ወራት ይፈጃል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጄ አሁን ሁለተኛ ሥራ ሊይዝ ነው፣ በትርፍ ሰዓቱ ደግሞ ምግብ ማድረስ ጀምሯል። ቲፕም ያገኛል። ይህ ምን ይለውጣል?

የቪታ በጎ ፈቃደኛ፦
ሁለተኛ ሥራው ላይ ደብሊው-4 (አሠሪው ስንት ግብር እንዲቆርጥ የሚነግር ፎርም) ሲሞላ ደረጃ 2ሲ ያለውን ሳጥን በሁለቱም ሥራ ምልክት ያድርግ። ካላደረገ እያንዳንዱ አሠሪ ሙሉውን ስታንዳርድ ዲዳክሽን ለብቻው ያስብለታል። በ2025 ቁጥር ስናስበው፣ አንዱ 10,000 ሌላው 12,000 ቢከፍሉት ሁለቱም ምንም አይቆርጡም፤ በዓመቱ መጨረሻ ግን 22,000 ላይ 15,750 ሲቀነስ 6,250 ይቀራል፣ 625 ዶላር ከኪሱ ይከፍላል።

ምግብ ማድረሱ የራስ ሥራ ነው። የተጣራ ትርፉ 400 ዶላር ከደረሰ፣ የገቢ ግብሩ ዜሮ ቢሆንም 15.3% የራስ ሥራ ታክስ አለበት። የሚያድነው የማይል መዝገብ ነው፤ ለ2025 በማይል 70 ሳንቲም ይቀነስለታል። ቀኑን፣ የሄደበትንና ማይሉን በየዕለቱ ይጻፍ፤ መተግበሪያው የሚያሳየው ብዙ ጊዜ ትዕዛዝ የያዘበትን ብቻ ነው። ሥራው ኪሳራ ካሳየ ቪታ አይሠራለትም፣ ያኔ ፍሪታክስዩኤስኤን ይጠቀም።

ቲፑ ከ2025 እስከ 2028 እስከ 25,000 ዶላር ድረስ በስኬጁል 1-ኤ ይቀነሳል። ይህ የሚቀንሰው የፌዴራል የገቢ ግብርን ብቻ ነው፤ ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር እንዳለ ይቆረጣል። ለአሠሪው ያላስታወቀውን የእጅ ቲፕ በየወሩ ያስታውቅ።

ለቀጠሮው ይዛችሁ የምትመጡት፦ የሁላችሁም ኦሪጅናል ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፣ ፎቶ ያለው መታወቂያ፣ ሁሉም ደብሊው-2፣ 1098-ቲ ከኮሌጁ የሒሳብ ዝርዝር ጋር፣ የመጻሕፍት ደረሰኝ፣ ያለፈው ዓመት ሪተርን፣ የባንክ ራውቲንግና አካውንት ቁጥር። ከባለቤትዎ ጋር በአንድ የምታስገቡ ከሆነ ሁለታችሁም መጥታችሁ መፈረም አለባችሁ።