እርዱኝ፣ የክር ሳጥኔ ወድቆ ሁሉም ተተበተበ፣ ቁጥሮቹም ጠፉ

ባለአበባዋ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ቸኩያለሁ አጠር ላርገው። የጥልፍ ክሬን የማስቀምጥበት ሳጥን አሁን ከመደርደሪያ ላይ ወድቆ ተከፈተ፣ ያለኝ ሁሉ ወለሉ ላይ ተበተነ፣ ልሰበስብ ስል ደግሞ ይባስ ተተበተበ። የቀለማቸው ቁጥር የተጻፈባቸው ወረቀቶች ከጥቅሎቹ ላይ ወላልቀው ለብቻቸው ተቀምጠዋል። ከሁሉ የጨነቀኝ ሁለት ጥቁር ቀይ ክሮች ናቸው፣ ዓይኔ ሊለያቸው አልቻለም፣ በአንዱ ደግሞ አበባ ጀምሬ መሃል ላይ ነኝ። ሥራውን በዚህ ሳምንት ማስረከብ አለብኝ። ቆራርጬ ልጣለው ወይስ ቁጭ ብዬ ልፍታው??

ኪሮሽ በእጄ፦
እንዳትጎትቺው!! የሚጠብቀው ስትጎትቺው ነው። ነጭ ጨርቅ አንጥፊና ክምሩን እንዳለ አስቀምጪው፣ ከዛ ውሉን ከመፈለግሽ በፊት መሃል መሃሉን በጣትሽ እያላላሽ እንደ ጥጥ አሳብጪው። የጠበቀው ቋጠሮ ውስጥ ጫፉ የደነዘ መርፌ ወይም ቀጭን ኪሮሽ አስገብተሽ ቀለበቱን ሳብ አድርጊ፣ ጫፉን ሳይሆን ቀለበቱን። ግማሹ በራሱ ይፈታል።

ሥርዓት ይቅደም፦
እህቴ አትቆጪኝና ይሄ የመጣው ክሩን ከነወረቀቱ ሳጥን ውስጥ ስለምትከቺ ነው። ወረቀቱ ጥቅሉን አቅፎ የሚይዘው ክሩ ሙሉ እስከሆነ ድረስ ነው፣ ትንሽ ትንሽ ስትመዢለት ይላላና ይወልቃል። አዲስ ክር እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማደርገው ካርድ ላይ መጠቅለል ነው፣ ቁጥሩን እዛው ካርዱ ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ፣ አንዳንድ እስክሪብቶ ውሃ ከነካው ቀለሙ ይፈሳል። ከቁጥሩ አጠገብ የአምራቹን ስምም ጻፊ፣ ምክንያቱም ጥቁር በዲኤምሲ 310 ነው በአንከር ግን 403፣ ሁለቱን የምትደባልቂ ከሆነ ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግርሽም። አጠቃለልሽም ላላ ይበል፣ ካጠበቅሽው ክሩ ይታጠፍና ስትጠልፊ ስንጥቅ ስንጥቅ የሚል ምልክት ያወጣል። ከዛ በቁጥር ተራ ደርድሪ።

ቀለም በቀለም፦
በቁጥር ተራ ባይሆን ይሻላል እላለሁ። ቁጥሩ እኮ የቀለም ተራ አይከተልም፣ ዲኤምሲ 309 ሮዝ ነው፣ 310 ጥቁር፣ 311 ጥቁር ሰማያዊ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ምን ያገናኛቸዋል? ጥልፍሽን ከራስሽ የምትፈጥሪ ከሆነ ቀይን ከቀይ ጋር ከቀላሉ ወደ ደማቁ ደርድሪ። ቁጥር በጽሑፍ ከተሰጠው ንድፍ ለሚሠራ ሰው ነው የሚጠቅመው።

ባለአበባዋ፦
አመሰግናለሁ ግን አሁን ቀዩን ነው የፈለግኩት፣ መደርደሩን በኋላ 😭

ነጻ እጅ፦
እኔ የማልስማማው ከጥያቄው ራሱ ጋር ነው፣ ቁጥሩ ለምን አስፈለገሽ? ሥራው ያንቺ ነው፣ ከሁለቱ ደስ ያለሽን ያዢና ቀጥዪ፣ በዓይን ካልተለየ ማን ያየዋል?

ባለአበባዋ፦
ኧረ በፍጹም፣ የአበባው ቅጠል ግማሽ ላይ ነው ያቆምኩት። እንዲህ ሲቀራረብ የማይለይ የሚመስለው ክር ተጠልፎ ሲያልቅ መሃል ላይ መስመር ሆኖ ይወጣል፣ ከዚህ በፊት ደርሶብኛል። ወረቀቶቹ ላይ ያሉት ቁጥሮች 498 እና 816 ናቸው፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ነው የጠፋኝ።

ከጀርባው ተመልከቺ፦
መልሱ እጅሽ ላይ ነው፣ ሥራሽን ገልብጪው። ንድፉ ላይ የዛ አበባ ምልክት የትኛው ቁጥር እንደሆነ ተጽፏል አይደል? እንግዲያው ጀርባው ላይ የተረፈው የክር ጫፍ ቁጥሩ የታወቀ ናሙና ነው። ከፊቱ ይልቅ ጀርባው ይሻላል፣ ብርሃንም እጅም ብዙ አልነካውም። ሁለቱን ቀዮች ነጭ ወረቀት ላይ አድርጊና አንድ በአንድ ከጫፉ ጎን አስተኚያቸው፣ ግን በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ። አምፖል ሥር አንድ የሚመስሉ ክሮች ቀን ላይ ይለያያሉ፣ በስልክ ፎቶ ግን አትሞክሪው። ነጠላ ክር መዘሽ አታወዳድሪ፣ ክሩ የተሠራባቸው 6ቱም ነጠላዎች አንድ ላይ ሆነው ነው ቀለሙ የሚታየው። አሁንም ከተጠራጠርሽ የጀመርሽውን ቅጠል ተዪና ሌላ አበባ ላይ ጀምሪ፣ ልዩነት ቢኖርም ጠርዝ ላይ ይደበቃል።

ክር ፈቺ፦
አትጎትቺው ብቻ። በኪሮሽ አላዪው።

ኪሮሽ በእጄ፦
ወንድሜ እሱን ከላይ ብዬዋለሁ 😄

ክር ፈቺ፦
ሁለት ጊዜ ቢባል አይበዛም፣ ሰው ሲናደድ እጁ ይጎትታል።

ባለአበባዋ፦
መቁረጡስ? አንድ ክምር አለ ሰማያዊና ነጭ ተያይዞ ሊለቅ አልቻለም። አብሮት ብርጭቆ ውሃ ወድቆ ስለነበር ትንሽ ረጥቧል።

ከጀርባው ተመልከቺ፦
ውሃውን አሁን ነው የምትነግሪን! እሱ ከመተብተቡ ይቀድማል። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ አንዳንዴ ቀለም ይለቃሉ፣ በእጅ የተነከረ ከሆነማ ይብሳል፣ ነጩ አጠገባቸው አይደር። የረጠበውን ሁሉ ለይተሽ በነጭ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረግሽ ምጠጪው፣ አትፈትጊው፣ ካውያ አታስነኪው፣ ጥላ ውስጥ ተዘርግቶ ይድረቅ። ሳይደርቅ ሳጥን ውስጥ ከመለስሽው ይሻግታል።
መቁረጡን ግን አትፍሪው። ክሩን መርፌ ውስጥ ስታስገቢው እኮ ከ45 እስከ 50 ሳንቲሜትር እየቆረጥሽ ነው፣ ከዛ በላይ ሲረዝም ስለሚላላጥ። አንዱ ጥቅል 8 ሜትር ነው፣ ከቋጠሮው አጠገብ ብትቆርጪና የተረፈው ከዛ ልክ በላይ ቢሆን የከሰርሽው የለም፣ የቆረጥሽውን አንድ ላይ አስረሽ ቁጥሩን አንጠልጥዪለት። ቁራጮቹ ከአንድ ክንድ በታች እንዳይሆኑ ብቻ ተጠንቀቂ።

ቀለም በቀለም፦
ሱፍ ክርም አብሮ ካለ ለብቻው በተዘጋ ከረጢት አድርጊው፣ ብል የሚወደው እሱን ነው፣ ጥጡን አይነካም ማለት ይቻላል። ሳጥኑንም ከመስኮት አርቂው፣ ፀሐይ ካርዱ ላይ የሚታየውን ጎን ያደበዝዘውና ውስጡና ውጩ ሁለት ቀለም ይሆንብሻል።

ነጻ እጅ፦
እሺ የቅጠሉን ግማሽ አላየሁትም ነበር፣ ልክ ነሽ።

አዲስ ጠላፊ፦
እኔም ዛሬ ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኝ ነው የመጣሁት፣ ባለአበባዋ ቀዩን አገኘሽው? 498 ነበር ወይስ 816?